ደጋሚው

ያን ዓመት እኔ ሁለተኛ ክፍልን እየደገምኩ ነበር። እማዬ ሱቅ ውስጥ ደግሞ ከእኔ የባሰ ደጋሚ ነበር፤ ሰባ ዓመት ሊደፍን ትንሽ የቀረው፣ እንደ ሸምበቆ የቀጠነ፣ ጫማው ፊት የሚያሳይ ሽማግሌ። እኔ የደገምኩት አንድ ክፍል ነው። እሱ አንዲት ዘፈን ስንት ጊዜ እንደደገማት ብቆጥር ኖሮ ሒሳብ አልወድቅም ነበር።

ይሄን የምጽፈው አሁን፣ አስራ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶኝ፣ ትልቅ ሰው ሆኜ ነው። ትልቅ ሰው መሆኔን እማዬን የሚጠይቅ ግን እንዳይኖር፤ እሷ ገና አላመነችም። ትምህርቴን ስድስተኛ ክፍል ላይ ስላቆምኩ ፊደል ብገድፍ አትፍረዱብኝ፤ ስፌቴ ግን ቀጥ ያለ ነው። ያኔ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ የማላውቀው ነገር አልነበረም።

ሱቃችን ከጠባብነቷ የተነሳ ሁለት ወፍራም ደንበኛ አንድ ላይ አይገባባትም። መስኮቱ ሥር የእማዬ የእግር ስፌት መኪና አለ፤ መሀል ላይ መቁረጫው ጠረጴዛ። የኔ ቤት ከጠረጴዛው ሥር ነበር፤ የጨርቅ ቁርጥራጭ ላይ ተኝቼ የሰው ጫማ እያየሁ የሰው ወሬ እሰማለሁ። ግድግዳው ላይ የአንድ ባንድ የሸክላ ሽፋን ተሰቅሏል፤ ጎፈሬያቸው በር የማያስገባ፣ ሱሪያቸው ከታች እንደ ጃንጥላ የተዘረጋ አምስት ጎረምሶች። መሀል ላይ ያለው አፉን ከፍቶ ይዘፍናል። እሱ እጮኛዬ ነበር። አልነገርኩትም እንጂ።

እማዬ ጊዜ የምትለካው በሰዓት አልነበረም፣ በዚያ ባንድ ዘፈን ነው። የሱሪ ጫፍ አንድ ዘፈን ነው፣ ኮሌታ ሁለት ዘፈን፣ የኮት ገበር አንድ ሙሉ ካሴት። ደንበኛ «መቼ ልምጣ?» ሲላት «ካሴቱ ሲገለበጥ ና» ትለዋለች። ሰውዬውም ግራ ገብቶት ይሄዳል።

«ይሄ ባንድ ዘፋኙ አፉን ሳይከፍት ነው የሚታወቀው» ትለኝ ነበር፣ መርፌ በጥርሷ ይዛ። «ከበሮውን ስሚው። ዘግየት ይላል አይደል? አውቶቡሱ ሊያመልጠው እንደሆነ እያወቀ እንደማይሮጥ ሰው። ኦርጋኑ ደግሞ ከጎረቤት ቤት የሚመጣ ይመስላል። አርባ ዓመት እንዲሁ ናቸው። ሌላው ሁሉ ድምፁን ሲቀያይር እነሱ የቀየሩት ሱሪ ብቻ ነው።»

ሱሪውን የቀየረችላቸው እሷ ናት፤ ስለዚህ ታውቃለች።

አንድ ቀን የባንዱ ከበሮ መቺ የአምስት ኮት ጨርቅ በክንዱ ላይ ደራርቦ መጣ። ከሆዱ ብዛት በሩን በጎን ነው የሚገባው፤ ጣቶቹም የትም ቢሆን አያርፉም፤ ያን ቀን እኔ ያለሁበትን ጠረጴዛ ከላይ ሲደበድቡት ጆሮዬን ያዝኩ።

«እህቴ፣ ስፊልን» አላት፤ «ሆዳችንን ችሎ የሚያውቅ ያንቺ ሜትር ብቻ ነው።»

«ሆዳችሁንማ ሜትሬም እየፈራው ነው» አለች እማዬ።

ሳቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ሰው ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ እኔ ጆሮዬን ከፍ አደርጋለሁ፤ እንዲህ ነው የተፈጠርኩት።

«የአርባኛው ዓመት ዝግጅት ስድስት ሳምንት ቀርቶታል። እሱ ግን...» ወደ ውጪ በአገጩ አመለከተ። ደጅ ላይ ጫማው የሚያበራ ሽማግሌ ቆሞ መንገዱን ያያል። «የአውቶቡሱ ዘፈን ሦስተኛው ስንኝ ላይ ሲደርስ ድርግም ይልበታል። የዛሬ ሁለት ዓመት የሆነውን ራስሽ አይተሻል። ከዚያ ወዲህ መድረክ አልወጣንም። ይሄን ካላለፈ ይብቃን ተባብለናል።»

እማዬ መኪናዋን አቆመች። «ያልፋል» አለች።

«እህቴ...»

«ያልፋል አልኩህ። በየቀኑ ከሰዓት እኔ ጋ አምጣው። ያን ዘፈን ከኔ በላይ የሚያውቀው የለም።»

«ማንም እንዳይሰማ ብቻ።»

«እዚህ ማን አለ? ክር ነው ያለው፤ ክር አይሰማም።»

ክር አይሰማም። እኔ ግን ሰማሁ፤ ደግሞም ሁሉም ነገር ገባኝ። ካላለፈ። ይህችን ቃል አውቃታለሁ፤ ባለፈው ሰኔ ነበር ወረቀቴ ላይ በቀይ የተጻፈችብኝ። ሽማግሌው ፈተና አለበት። ባንዱ ውስጥ ሊገባ ይፈልጋል፤ በእጮኛዬ ቦታ፤ የዛሬ ሁለት ዓመትም ተፈትኖ ወድቋል። አሁን ከወደቀ ይባረራል። እጮኛዬ የት እንደሄደ አልጠየቅሁም፤ ወታደር ሆኖ ይሆናል ብዬ ተውኩት። ሽማግሌውን ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ በልቤ «ደጋሚው» አልኩት፤ ትንሽም ወደድኩት። ሰው ብቻውን ሲደግም ደስ አይልም።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ሁልጊዜ የደንበኛ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ አገኘዋለሁ፤ ባርኔጣው ጉልበቱ ላይ፣ ሻዩ ጎኑ። ስኳር ይወዳል። አንድ ማንኪያ ጨምሮ ያማስላል፣ ትንሽ ቆይቶ ሌላ ይጨምራል፣ ትንሽ ቆይቶ ሌላ። እኔ አንድ ማንኪያ ብጨምር ጆሮዬ የሚጎተተው፣ እሱን እማዬ ዝም ብላ ታየዋለች። ይሄ አድልዎ ነው ብዬ አኩርፌ ነበር።

ሲያየኝ «ስንተኛ ክፍል ነሽ፣ የኔ ልጅ?» ይለኛል።

በመጀመሪያው ቀን «ሁለተኛ» አልኩት። በሁለተኛው ቀን ደግሞ ጠየቀኝ። በሦስተኛውም። ደጋሚ ሆኖ ደጋሚን የሚተርብ ብዬ ተናደድኩና መልሱን መቀያየር ጀመርኩ። ሰኞ ሰባተኛ ነኝ፣ ማክሰኞ አስራ ሁለተኛ፣ ረቡዕ ዩኒቨርሲቲ። ሁሌም ዓይኑ እየበራ «ጎበዝ!» ይለኛል። አንድ ሐሙስ ሐኪም ሆኜ ጉልበቱን መረመርኩለት።

እየተረበኝ አልነበረም። ስኳርም አይወድም ነበር። ይሄን ለመረዳት ብዙ ዓመት ፈጀብኝ፤ እማዬ ያኔም ታውቅ ነበር፤ ለዚህ ነው ዝም ያለችው።

ትምህርቱ የሚጀመረው እንዲህ ነው። እማዬ «ከአውቶቡሱ እንነሳ» ትላለች። ደጋሚው ጉሮሮውን ይጠርጋል፤

«መንገድ ዳር ቆሜያለሁ ዝናቡ እየመታኝ፣
አውቶቡሱ ሲያልፍ ፊትሽ ብቻ ታየኝ።»

ድምፁ እንደ አሮጌ በር ይንቋረራል፤ ግን የምትወዱት ሰው የሚገባበት በር። ሁለተኛው ስንኝም ይሄድለታል። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ አፉ ይከፈትና ባርኔጣውን ማየት ይጀምራል፣ እዚያ ውስጥ የተቀመጠ ነገር ያለ ይመስል።

«የኮቴ...» ትላለች እማዬ።

«የኮቴ...»

«የኮቴ ቁልፍ...»

«ቁልፍ... አዎ፣ ቁልፍ። ምን ሆነ ቁልፉ?»

«እኔን ይጠይቁኛል? የርስዎ ኮት ነው እኮ!»

«አንቺ ሴትዮ አስተማሪ ብትሆኚ ኖሮ፣ ተማሪው ሁሉ አገር ጥሎ ይጠፋ ነበር።»

«ይጥፋ! ዘፈኔን ከሚያበላሽብኝ ይጥፋ!» ትልና ራሷ ትለዋለች፣ ዓይኗን ጨፍና፤

«የኮቴ ቁልፍ ቀርቷል ከደጅሽ ድንጋይ ላይ፣
ልፈልገው ስመጣ ብቅ ትያለሽ ወይ?»

እኔ በአንድ ሳምንት ሸመደድኩት። እሱ በሦስተኛው ሳምንትም አልያዘውም። የማባዛት ሠንጠረዥ አይደለ፣ ሁለት መስመር! ከጠረጴዛው ሥር ሆኜ አፍርለት ነበር።

ከዚያ እማዬ አንድ ነገር ጀመረች፤ ያለ ክር መስፋት። ጨርቅ የለ፣ ክር የለ፣ መርገጫውን ብቻ ትረግጣለች፤ ታክ፣ ታክ፣ ትንሽ ቆይቶ ታክ። ደጋሚው እግሩን ያየዋል፤ እግሩ መነቃነቅ ይጀምራል፤ ከዚያ ቃሉ ከእግሩ ወደ ላይ የወጣ ይመስል «የኮቴ ቁልፍ ቀርቷል...» ይላል። እማዬ ረገጣዋን ካቆመች ግን ያቆማል። እኔ እማዬ ያበደች መስሎኝ ባዶ መርፌ የምትወጋውን አየር በእጄ ለመያዝ ሞክሬ ጣቴን ተወግቻለሁ። ምን እየመታች እንደነበር አሁን ነው የማውቀው፤ ያን የሚዘገይ ከበሮ ነበር።

አንድ ቀን እማዬ ውጪ ከደንበኛ ጋር ስትጨቃጨቅ ብቻችንን ቀረን። ዕድሉን ተጠቀምኩበት።

«አባባ፣ እውነቱን ልንገርዎት?»

«ንገሪኝ።»

«እሱን አያክሉትም።» ግድግዳው ላይ ያለውን እጮኛዬን በጣቴ አሳየሁት።

ተነሥቶ ተጠጋው፤ እጁን ከኋላው አጣምሮ ብዙ ጊዜ አየው። «ይሄ ልጅ ብዙ ይጮሃል» አለ በመጨረሻ። «ጉሮሮውን ይጎዳል።»

«ቀናተኛ ነዎት!»

«ነኝ» አለ። «ፀጉሩን እይው እስቲ። እንዴት አልቀና?»

ዝግጅቱ እሁድ ሊሆን ዓርብ ዕለት፣ ያለ መርገጫ ሞክሩ ተባለ። መድረክ ላይ የስፌት መኪና የለማ። አውቶቡሱ መጣ፣ ሄደ። ሁለተኛው ስንኝ አለፈ። ሦስተኛው ላይ ደጋሚው ቆመ። እማዬ «የኮቴ» አላለችም፤ ጠበቀች። እሱም ጠበቀ። ጥበቃው ከመርዘሙ የተነሳ የሻዩ ጭስ ሲያልቅ አየሁት። ከዚያ ደጋሚው ሳቅ ብሎ «ይቅርታ፣ የኔ ልጅ» አላት፤ እማዬን ነው «የኔ ልጅ» ያላት። እማዬ ተነሥታ ወደ በሩ ሄደች፤ ጀርባዋን ሰጥታን ቆማ «ይሄ የክር ብናኝ» እያለች ዓይኗን ጠረገች።

ያን ጊዜ ወሰንኩ። እማዬ ማስተማር ትችላለች፤ ማሳለፍ የምችለው ግን እኔ ነኝ።

አጤሬራ የሚባለውን ነገር የማያውቅ የተባረከ ሰው ካለ፣ መልስ በትንሹ ጽፎ ፈተና ላይ ይዞ መግባት ነው። እኔ በቀሚሴ ጫፍ ላይ፣ በእጄ መዳፍ፣ አንድ ጊዜም በዳቦ ውስጥ ይዤ ገብቻለሁ፤ ዳቦውን አስተማሪዋ በላችብኝ። ዓርብ ማታ እማዬ እራት ስትሠራ፣ የደጋሚውን አዲስ ኮት ከማንጠልጠያው አወረድኩ፤ የግራ እጅጌውን ገለበጥኩ፤ በጥቁሩ ገበር ላይ በእማዬ ነጭ የልብስ ጠመኔ፣ ምላሴን አውጥቼ፣ በትልልቁ ጻፍኩ፤ የኮቴ ቁልፍ ቀርቷል። ከዚያ በላይ አልበቃኝም። ጎበዝ ተማሪ ከመጀመሪያው ቃል ሌላውን ያመጣዋል።

እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ አዳራሹ ጓሮ፣ እማዬ ለሌሎቹ ኮሌታ ስታስተካክል ደጋሚውን ጎትቼ ጥግ አስያዝኩት።

«አባባ፣ ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ከጠፋብዎት፣ የግራ እጅጌዎን ገልበጥ ያድርጉ።»

«ምን አለው?»

«መልሱን።»

ዓይኑን አጥብቦ አየኝ። «ተይዘሽ ታውቂያለሽ?»

«ሁለት ጊዜ።»

«ለዚህ ነዋ!»

«ለሱ አይደለም የደገምኩት! አንዷ ያስኮረጀችኝ ልጅ ራሷ ደነዝ ስለሆነች ነው።»

ሳቁ አዳራሹ ድረስ ተሰማ። ከበሮ መቺው ዞር ብሎ አየን፤ ፊቱ ላይ ያየሁትን ነገር ያኔ ቁጣ ነው ብዬ ነበር። ቁጣ አልነበረም። ያን ሳቅ ከሰማ ቆይቶ ነበር።

እኛ ፊት ለፊት ረድፍ ላይ ተቀመጥን። አዳራሹ ሽማግሌም፣ ሚስትና ባልም፣ ከኔ ትንሽ ከፍ የሚሉ ልጆችም ሞልተውታል፤ ሁሉም ባለ ቁልፍ ልብስ ለብሷል፣ በዚያ ሙቀት። ከጎኔ የሰፈራችን መካኒክ ነበር፤ እማዬ ለሠርጉ የሰፋችለትን ኮት ለብሶ፣ ጥፍሩ ውስጥ ያለው ግሪስ ግን አልለቀቀም።

«የመጀመሪያሽ ነው?» አለኝ።

«አዎ።»

ቀሚሴን ከላይ እስከታች አየው። «ስንት ቁልፍ አለሽ?»

ምን ዓይነቱ ነው ብዬ ወደ እማዬ ተጠጋሁ።

መጋረጃው ሲከፈት ሰው ሁሉ ብድግ አለ። ከበሮ መቺው ቁጭ ብሏል፤ ኦርጋን ተጫዋቹ፣ ሳክስፎኑ፣ ባለ ጊታሩ፣ ሁሉም በእማዬ ኮት። መጨረሻ ላይ ደጋሚው በዝግታ ወጣ። ሰዉ ጮኸ፣ አለቀሰ፤ አንዷ ሴትዮ «ኑሩልን!» አለች። ለአዲስ ተፈታኝ ይሄ ሁሉ ማበረታቻ! ደግ ሰዎች ናቸው ብዬ እኔም አጨበጨብኩ። እጮኛዬ ከመጣ ብዬ ግን በሩን እያየሁ ነበር።

ከዚያ ከበሮው ጀመረ። ዘግየት ብሎ። ኦርጋኑ ከጎረቤት ቤት መጣ። በካሴት የማውቀው ድምፅ ነው፣ ግን በካሴት ወለሉ በእግሬ ውስጥ አይገባም። ዙሪያዬን ሳይ ሁሉም ሰው ፊቱ አንድ ዓይነት ሆኗል፣ ቤቱ የገባ ሰው ፊት። እማዬ እጄን ይዛኛለች፤ እጇ የልጅ እጅ ሆኗል። ደጋሚው አንድ ዘፈን ዘፈነ፣ ሁለት ዘፈነ፣ ስምንት ዘፈነ። አልተሳሳተም! ሰዉም አብሮት ይዘፍናል። ይሄ ሰው ይሄን ሁሉ እያወቀ አንዲት ዘፈን ብቻ ነው እንዴ የከበደችው ብዬ ተገረምኩ።

የመጨረሻው ያ ነበር። አውቶቡሱ መጣ፤ ሰዉ አቃሰተ። ሁለተኛው ስንኝ አለፈ። ሳክስፎኑ ዞረ፣ ተመለሰ፣ ከበሮው በሩን ከፈተለት። ደጋሚው አፉን ከፈተ።

ምንም።

ባንዱ አንድ ጊዜ ዞረበት፤ አቁመው አያውቁም፣ እንደገና ወደዚያው በር አመጡት። ምንም። ሰዉ አይዘፍንም፤ ሁሉም ትንፋሹን ይዟል። ሦስተኛ ጊዜ ዞሩ። የደጋሚው ዓይን አዳራሹን ይዞር ጀመር፤ እኔ ላይ ሲደርስ ወንበሬ ላይ ወጣሁና የግራ እጄን እንደ ባንዲራ እያወዛወዝኩ እጅጌዬን አሳየሁት።

ገባው። ቀስ ብሎ እጅጌውን ገለበጠ፤ አየው።

ገበሩ ንጹሕ ነበር። ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ንጹሕ። ያን ጠዋት፣ እኔ ስታጠብ፣ እማዬ ኮቶቹን ሁሉ በውሃና በካውያ ስትተኩስ ነበር። ሌላ ልብስ ሰፊ ላዩን ብቻ ይተኩሳል። የኔ እናት ውስጡንም ትተኩሳለች። የልብስ ጠመኔ ደግሞ የተሠራው ካውያ ሲነካው እንዲጠፋ ነው፤ ይሄን የልብስ ሰፊ ልጅ ስሆን ማወቅ ነበረብኝ! በእስክርቢቶ ብጽፈው ኖሮ! የጣልኩት እኔ ነኝ። ደጋሚው ባዶውን እጅጌ እያየ ፈገግ አለ፣ እጁም ወረደ።

ያን ጊዜ ከጎኔ ጨርቅ ተቀደደ። እማዬ ናት። ከደረቷ ላይ አንድ ቁልፍ ከነክሩ ቦጭቃ፣ ክንዷን ወደ ኋላ ስባ፣ ወረወረችው። ጠብ! እግሩ ሥር አረፈ።

አላመንኩም። እኔ ቁልፍ በጠፋብኝ ቁጥር የምትቆነጥጠኝ ሴትዮ! ስድስት ሳምንት አስተምራ አሁን ስለወደቀ ትወግረዋለች! መካኒኩም ወረወረ። ከኋላችን፣ ከላይ፣ ከግራ ከቀኝ፤ ጠብ፣ ጠብ ጠብ፣ ከዚያ እንደ በረዶ። እንጨቱ መድረክ ላይ ቁልፍ ዘነበ፤ ጥቁር፣ ቡናማ፣ ነጭ፣ አንዱ እየተንከባለለ ከበሮው ድረስ ሄደ።

«እማዬ አትምቺው!» ክንዷ ላይ ተንጠለጠልኩ። «እማዬ ጥፋቱ የኔ ነው! ይደግማል፣ ችግር የለውም፣ ይደግማል!»

«ዝም በይ» አለችኝ፤ እያለቀሰች ነበር። «እይው።»

ደጋሚው ጎንበስ አለ። ጉልበቱ እንዴት እንደሚያመው እኔ ሐኪሙ አውቃለሁ። አንድ ቁልፍ አነሣ፤ ወደ ብርሃኑ አስጠጋው፤ ገለበጠው፣ ገበያ ላይ ዕቃ እንደሚያይ ሰው። ከበሮው እየዘገየ፣ እየጠበቀ ይመታል። ደጋሚው ቁልፉን ጭብጡ ውስጥ አደረገና፣ ለራሱ የሚያወራ ይመስል፣

«የኮቴ ቁልፍ ቀርቷል ከደጅሽ ድንጋይ ላይ...»

አዳራሹ ያን ጊዜ ነው የፈነዳው። ሁለተኛውን መስመር ማን እንደዘፈነው አላውቅም፤ እሱ ይሁን፣ እኛ እንሁን፣ ጣሪያው ይሁን።

ነገሩ ለካ አርባ ዓመት ሙሉ እንዲሁ ነበር። ያች መስመር ስትዘፈን የባንዱ ወዳጆች ከልብሳቸው ቁልፍ ነቅለው ይወረውራሉ። ሁሌ ግን ከተዘፈነች በኋላ ነው። ከመዘፈኗ በፊት የወረወሩት በዚያን ቀን ብቻ ነው። ለምን እንደሆነ እማዬን የጠየቅኳት አምና ነው፣ ኮት ስንገጣጥም።

«ሰዎቹ ያውቁ ነበር?» አልኳት።

«ምን?»

«እንደሚረሳ።»

«ከዚያ ሁለት ዓመት በፊት በነበረው ዝግጅት የነበርን ሁሉ አውቀናል» አለች። «አዳራሽ ሙሉ።»

«ማንም አልተናገረም?»

መርፌዋን ከጥርሷ አወጣች። «ለማን እንናገራለን? ቤተሰብ እኮ ነው።»

እኔ ብቻዬን የያዝኩት የመሰለኝን ምሥጢር አንድ አዳራሽ ሕዝብ አብሮኝ ይዞት ነበር። ያን ዕለት ግን ይሄ መች ገባኝ! የገባኝ አንድ ነገር ነው፤ አዳራሽ ሙሉ ትልልቅ ሰው በጠራራ ፀሐይ አንድ ተፈታኝ አስኮረጀ፣ አንድም ሰው አልተቀጣም። እኔ ግን በአንዲት ዳቦ ግማሽ ቀን ተንበርክኬያለሁ።

ሰኞ ጠዋት ትምህርት ቤት አልሄድኩም፤ እማዬ ስለምትፈልገኝ። ገና ሱቁ ሳይከፈት ሰልፉ ጥጉ ድረስ ደርሷል። ደረታቸው የተከፈተ፣ እጅጌያቸው የተንጠለጠለ፣ ሆዳቸውን በእጃቸው የያዙ ሰዎች፤ ሁሉም እየሳቁ። የአዳራሹ ጠራጊዎች ቁልፉን በትልቅ ቆርቆሮ ሞልተው አምጥተውልን ነበር። እኔ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብዬ የየሰዉን ቁልፍ እፈልጋለሁ።

«የኔ ባለ አራት ቀዳዳ ነው፣ እማማ ትንሿ።»

«ሁሉም ባለ አራት ነው፤ መልክ ይንገሩኝ!»

«ቡናማ።»

«ይሄው። ባይሆንም ይመስላል፤ ይለፉ።»

ሰልፉ መጨረሻ ላይ መካኒኩ ቆሟል። ከእሱ ኋላ ደጋሚው መጥቶ ቆመ። እንደ ልማዱ ከበሮ መቺው አምጥቶት መኪናውን ሊያቆም ሄዶ ይሆናል። ባርኔጣው፣ የሚያበራው ጫማው፣ የትናንቱ ኮት። ትንሽ እንደቆመ የመካኒኩን ትከሻ ነካ አደረገ።

«የምን ሰልፍ ነው ልጄ?»

መካኒኩ ዞር አለ። «ቁልፍ ማስተከያ ነው አባቴ።»

«ይሄ ሁሉ ሰው?»

«ትናንት ኮንሰርት ነበር።»

«እ?» አለ ደጋሚው። «ጥሩ ነበር?»

ከመካኒኩ ፊት ያለችው ሴትዮ ወሬዋን አቆመች። ከእሷ ፊት ያለውም። ዝምታው ሰው ለሰው እየተቀባበለው እኔ ጋ ደጃፉ ድረስ መጣ፤ አንድም ሰው ግን አልዞረም። እኔ አፌን በእጄ ይዤ ሳቄን አፈንኩ። አይ ደጋሚው! ከተማው ሁሉ አጨብጭቦለት፣ ጭራሽ እንዳልነበረ ሆኖ ምስጋና ይለቅማል!

«በጣም ጥሩ ነበር» አለ መካኒኩ።

«ዘፋኙስ?»

«እንደ ድሮው ነው። ምንም አልተለወጠም።»

ደጋሚው ደስ አለው። ሙሉ ፊቱ ደስ አለው፤ ዘመዱ በሰላም ገባ የተባለ ሰው ይመስል ነበር። «እሰይ» አለ። «ሳልሰማ ቀረሁ እኮ። ለሚቀጥለው ቦታ ያዝልኝ፣ እባክህ።»

«እይዝልዎታለሁ» አለ መካኒኩ። ከዚያ ከሰልፉ ወጣ ብሎ በእጁ መንገድ ሰጠው። ሴትዮዋም ወጣ አለችለት። ከእሷ ፊት ያለውም፣ ከእሱ ፊት ያለውም፤ አንድ በአንድ፣ አንገታቸውን ዝቅ እያደረጉ አሳለፉት። ደጋሚው ለእያንዳንዱ ባርኔጣውን እያነሣ፣ እያመሰገነ፣ ከጥጉ ወደኛ ደጅ መጣ። ኮቱ ላይ አንድም የጎደለ ቁልፍ አልነበረም። ምን ሊያሰፋ እንደመጣ ግን ማንም አልጠየቀውም።